ከአከርካሪ ዕጢ ቀዶ ሕክምና በኋላ ፋሻው እየራሰ ነው፤ እስከ ቀጠሮው እንጠብቅ?

ጠያቂ (ፒያሳ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን ከህብለ ሰረሰራቸው ዕጢ ከወጣላቸው ዛሬ 9ኛ ቀናቸው ነው፤ ቤት ከገቡ 3 ቀናቸው። ከትናንት ጀምሮ ጎዙ 2 ሰዓት ሳይሞላው ብስብስ ይላል፤ ውሃ እንጂ መግል አይመስልም። ቀና ሲሉ ራሳቸውን ክፉኛ ያማቸዋል፤ ጋደም ሲሉ ይተዋቸዋል። ቀጠሯቸው ሰኞ ነው። እስከዚያ ፋሻ እየቀየርን እንቆይ?

የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት፦ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ሰኞን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ወደተደረገላቸው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። እንዲህ ያለው ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዱራ የሚባለው የህብለ ሰረሰር ሽፋን ተከፍቶ ነው፤ ከዚያ መልሶ ይሰፋል። ስፌቱ ውሃ የማያሳልፍ ከሆነ ችግር የለም፤ ካሳለፈ ግን ህብለ ሰረሰሩን የከበበው ፈሳሽ በቁስሉ በኩል ይወጣል። ቀና ሲሉ የሚብሰው ራስ ምታትም ይህንኑ ያሳያል። የሚያሰጋው ውሃ የወጣበት ቀዳዳ ባክቴሪያም የሚያስገባ መሆኑ ነው፤ ማጅራት ገትር ሊከተል ይችላል። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ መቃዠት ከታየ ደቂቃም አታባክኑ። እዚያ ስፌቱን ያጠናክሩታል፣ ወይ ወገባቸው ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ፈሳሹን ለጥቂት ቀናት በልክ ያወጡታል፤ ካልሆነ ተከፍቶ ዱራው እንደገና ይሰፋል። ፈሳሹ የህብለ ሰረሰር መሆኑን በስኳር መለኪያ ለመመርመር አትሞክሩ፤ ደም ከነካው ያሳስታል።

ነርስ (ልደታ)፦ ታክሲ ውስጥ ቁጭ አድርጋችሁ እንዳትወስዷቸው፤ 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጠይቁ። ስታነሷቸው ከነአንሶላው፣ ትከሻና ዳሌ እኩል ይሁን፤ ወገባቸው እንዳይጠማዘዝ። እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ እርጥቡን አንሱ፣ ከእሽጉ የወጣ ደረቅ ጎዝ ደርባችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ቅባትም ማርም አይነካው። ጠበሉን ይጠጡት፤ ቁስሉ ላይ ግን አይፍሰስ። የራሰውን ጎዝ በፌስታል ያዙት፣ ስንቱ በስንት ሰዓት እንደራሰም ጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ሽንት ቤት አያምጡ፤ ማማጥ ፈሳሹን ይገፋዋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ፣ አምቡላንስ እየጠራን ነው። እብጠት የሚቀንሰውን መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞኑን፣ እናቁም?

ሬዚደንቱ፦ በራሳችሁ አታቁሙ። መጠኑ ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው። ስኳር ካለባቸው ግን ለሐኪሙ ንገሩ፤ መድኃኒቱ ስኳር ያንራል።

ፊዚዮቴራፒስት፦ አምቡላንሱ እስኪደርስ የእግር ጣታቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን አንቀሳቅሱ በሏቸው። ትናንት ያነሱት እግር ዛሬ ከከበደ፣ መቀመጫቸው አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንት ከቆመ ደም ወይም ፈሳሽ ተጠራቅሞ ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ ይህን ተናገሩ። አንዱ ባት ብቻ ካበጠና ከሞቀ ደግሞ አትሹት፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል።