«ኮረንቲው አለ፣ ጉልበት ግን የለውም» ሲባል ምን ማለት ነው?

የሳቢያኗ፦
ሰላም የቃል ሰዎች። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነኝ። ምጣዴ አልጋግር ብሎኛል። ሊጡን አፈሰዋለሁ፣ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ድፍን ብሎ ይቀራል። ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ኮረንቲ መኖሩን የምታሳይ መብራት ያለችበትን ካቻቢቴ ሶኬቱ ውስጥ ሲከተው መብራቷ ቦግ አለች። ከዚያ ምጣዱን ሰክቶ በቴስተር ለካና «ኮረንቲው አለ፣ ጉልበት ግን የለውም፤ ነገ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ጉልበት ያለው ምኑን ነው? ቮልቱን ነው? አምፔሩን? ዋቱን?

የቀለም ቀንድ፦
እህቴ፣ ባለሙያው ተሳስቷል። «ኀይል የለውም» ነበር ማለት የነበረበት። ጉልበት የሰውና የከብት ነው። ኀይል ግን የግዕዝ ነው፤ ለሚታየውም ለማይታየውም ይሆናል።

ለገሃሬ፦
አቦ ቀንድ፣ አንተ ደግሞ! ጉልበት ከግዕዝ ካልመጣ ይጣል ነው? ግዕዙ ጉልበትን «ብርክ» ይለዋል። መንበርከክ ከዚያ ነው። ኮረንቲው ተንበርክኳል ማለት ነው፣ አለቀ።

የቀለም ቀንድ፦
አንደኛ፣ «አንቱ» ይበሉኝ። በቆሎ ተማሪነት ቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛ፣ ብርክን ለእኔ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ለገሃሬ፦
ድሬ ላይ አንቱ የለም፣ ሙቀቱ አያስችልም። ደሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ የሠሩት እዚሁ ድሬ፣ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። ለድሬ ልጅ ስለ ቃል ባትነግረው ይሻላል።

ቲቸር ዘጀጎል፦
ልጅቷ የጠየቀችው ሌላ፣ እናንተ የያዛችሁት ሌላ። ከሐረር ቁጥር ልላክላችሁ።

ምጣዱ በደህናው ቀን በ220 ቮልት 11 አምፔር ይስባል እንበል። ቮልቱን ለአምፔሩ ስናካፍል 20 ኦም ይመጣል። ይህ የምጣዱ ሙግደት፣ ማለትም ኮረንቲውን የሚገታበት ልክ ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ስናባዛ 2420 ዋት።

አሁን መስመሩ ላይ የላላ ወይም የተቃጠለ መጋጠሚያ አለ እንበል። ምጣዱ ሳይሰካ ሶኬቱ 220 ያሳያል። ካቻቢቴዋም የምትፈልገው ኢምንት ኮረንቲ ስለሆነ ቦግ ትላለች። ምጣዱ ሲሰካ ግን ቮልቱ 180 ላይ ይወርዳል። የምጣዱ ሙግደት ያው 20 ነው። ስለዚህ ኮረንቲው 9 አምፔር፣ ዋቱ 1620 ይሆናል። ቮልቱ የቀነሰው ከአምስት አንድ እጅ እንኳን አይሞላም፣ ዋቱ ግን ሲሶው ሄዷል። እንጀራው በምኑ ዓይን ያውጣ?

የጎደለው 40 ቮልት የቀረው መጋጠሚያው ላይ ነው። 40 በ9 ሲባዛ 360 ዋት። ያ ሁሉ ሙቀት አንዲት የላላች ብሎን ላይ ነው። እህቴ፣ እስኪጠገን ድረስ ምጣዱን እንዳትሰኪው፤ ቤት ያቃጥላል።

የሳቢያኗ፦
ወይኔ! አሁኑኑ ነቀልኩት። እና ጉልበት ያለው ዋቱን ነው?

የቀለም ቀንድ፦
ስሌቱን ተውት። መምህሩ «ሙግደት» ያሉት ቃል አሳስቦኛል። ሥሩ «ማገደ» ነው። ማገዶ ይነዳል፣ የምጣዱም ሽቦ ግሎ ያጋግራል። ጥርት ያለ ነገር ነው።

ለገሃሬ፦
ኧረ በሚካኤል! ሙግደት ከ«ሞገደኛ» ነው። ሞገደኛ በሬ አታውቅም? ጎትተውት ጎትተውት ንቅንቅ የማይለውን? ሽቦውም ለኮረንቲው እንደዚያ ነው።

አጥር ላይ፦
አንዳንዱ መጽሐፍ እኮ «ተቃውሞ» ይለዋል።

ለገሃሬ፦
ሽቦ ሰልፍ ሊወጣ ነው?

ቲቸር ዘጀጎል፦
እኔ ለሞገደኛው ነው የማደላው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ ይኸው ነው፤ ቮልቱ ሳይለወጥ ሞገደኛው ከበረታ ኮረንቲው ያንሳል። ኮረንቲው ካነሰ ደግሞ ዋቱ ያንሳል። 20 ኦም የነበረውን ምጣድ 40 ብናደርገው፣ በ220 ቮልት 2420 የነበረው ዋት 1210 ነው የሚሆነው። ቀንድ፣ ማገዶ ሲጨመር እሳት የሚበርድበት አገር የት ነው?

የቀለም ቀንድ፦
ማገዶው እርጥብ ከሆነስ?

አጥር ላይ፦
😂😂 ተረታ እንዳትሉት፣ አልተረታም።

የሳቢያኗ፦
ጥያቄዬ እኮ ስለ ጉልበት ነበር...

ለገሃሬ፦
መጣሁልሽ። ሰውዬው አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው? ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ኦሮምኛ ኃይልንም ጉልበትንም «ሁምና» ይላቸዋል። በሆዱ ሁምና ብሎ በአማርኛ ሲያወጣው ጉልበት ሆኖ ወጣ። ድሬ ላይ ግማሹ አማርኛ እንዲህ ነው የሚወለደው። ያውም «ኮረንቲ»ውና «ካቻቢቴ»ው ከጣሊያን ናቸው። አንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት አገር።

የሳቢያኗ፦
አማራ ነው። የደሴ ልጅ ነኝ ብሎኛል።

ለገሃሬ፦
እሱም ድሬ ከከረመ ያው ነው።

ቲቸር ዘጀጎል፦
ሰውዬው ምን ማለቱ እንደሆነ በልኬት ይታወቃል። ምጣዱ ተሰክቶ ስንት ቮልት አነበበ?

የሳቢያኗ፦
አላየሁም።

የቀለም ቀንድ፦
ሁምናውም ይቆየን፣ ልኬቱም ይቆየን። ኀይል የሚለው ቃል ክብሩ ይጠበቅ ነው የምለው። ከነገደ መላእክት አንዱ «ኃይላት» ነው የሚባለው። «ጉልበታት» ሲባል የሰማ አለ? በዚያው ላይ «ኃይል» እያላችሁ በራብዑ የምትጽፉት ይታረም። በግዕዙ ኀ ነው፣ «ኀይል»።

አጥር ላይ፦
አሁን ራስዎ «ኃይላት» ብለው በራብዑ ጽፈዋል።

የቀለም ቀንድ፦
እሱ ብዙ ቁጥር ነው።

ለገሃሬ፦
ሲበዙ አፋቸውን ይከፍታሉ?