መስመሩ በማን ደጅ ይለፍ? ስለ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ወሰን የተደረገ ክርክር

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ወገኖቼ፣ ይህን ጉዳይ የማነሣው በየለቅሶ ቤቱና በየማኅበሩ በሹክሹክታ ሲወራ ከርሞ በግልጽ ስላልተነጋገርንበት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ አንድ ልጅ የሚማርበት ትምህርት ቤት የሚታወቀው በቤቱ አድራሻ ነው። ካርታ ላይ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለው እዚህ፣ ወዲያ ያለው እዚያ ይገባል። አሁን መስመሩ ሊነካ ነው። በ1987 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ተዘግቶ የነበረው ውድዋርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ አዲስ ተሠርቷል። ከ2024 ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የኖርዝዉድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የራሳቸው ሕንፃ እስኪገነባ ድረስ በእንግድነት ይማሩበታል። በ2027 ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለሱ ውድዋርድ የራሱን ተማሪዎች በዙሪያው ካሉት ትምህርት ቤቶች መውሰድ አለበት። ስለዚህ የሚነካው የአንድ ሰፈር መስመር ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሲገፋ ሌላውም ይገፋል።

እኔ ለውጡን እደግፋለሁ። ምክንያቴ የልጄ ምሳ ነው። ጠዋት ፍርፍር ቋጥሬ እሰጣታለሁ። የምግብ አዳራሹ ስለማይበቃ ወንበር የምታገኝበት ቀን ጥቂት ነው። ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ትበላለች። የሒሳብ ክፍሏ ደግሞ ከዋናው ሕንፃ ውጭ ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት ተንቀሳቃሽ ክፍሎች አንዱ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ዝናብም ቢሆን ግቢውን ማቋረጥ አለባት፤ ይህን ሽሽት ውሃ መጠጣት ትታለች። እኔ ያወቅሁት ራስ ምታቷን ለማሳየት ሐኪም ዘንድ ስንሄድ፣ እርሱ ሲጠይቃት ነው። በሌላ ትምህርት ቤት ባዶ ወንበር እያለ አንዲት ልጅ ውሃ ሳትጠጣ የምትውልበት አሠራር እንዳለ ይቀጥል የሚል ሰው ካለ ምክንያቱን ልስማ።

የሦስት ልጆች አባት፣ ክላርክስበርግ፦

እህቴ፣ ስለ ልጅዎ የነገሩን አሳዝኖኛል፤ እግዚአብሔር ጤናዋን ይጠብቅ። ነገር ግን ለውጡን ያየሁት ሰው ነኝና የማውቀውን ልናገር።

ክላርክስበርግ የእርሻ አገር ነበር። ቤቱ በላይ በላዩ ተሠራ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በ2006 ተከፈተና ብዙም ሳይቆይ ሞልቶ ፈሰሰ። በኖቬምበር 2019 የትምህርት ቦርዱ ከክላርክስበርግ የተወሰኑ ሰፈሮች ልጆች ጀርመንታውን ወዳለውና እንደ አዲስ ወደተሠራው ሴኔካ ቫሊ እንዲሄዱ ወሰነ። ያን ጊዜ በየበሩ ፊርማ ሲሰበሰብ፣ ለዓመታት ቡና የተጣጡ ጎረቤታሞች ሲኮራረፉ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

እኔ ቤቴን የገዛሁት ቀን መጋዘን፣ ማታ ታክሲ እየሠራሁ፣ ለ30 ዓመት በሚከፈል ብድር ነው። ደላላው ወጥ ቤቱን ከማሳየቱ በፊት የነገረኝ የትምህርት ቤቱን ስም ነበር። የከፈልኩትም ለእርሱ ነው። ይህን ስስት የሚሉ አሉ። ልጆቼ አንድ ቦታ ጀምረው አንድ ቦታ እንዲጨርሱ መፈለግ ስስት ከሆነ እቀበለዋለሁ።

ለእኔ ጥፋቱ ከካርታው በፊት ነው። ቀድሞ አንድ ትምህርት ቤት ከአቅሙ 120 በመቶ በላይ እንደሚሞላ ሲገመት በዚያ አካባቢ አዲስ መኖሪያ ቤት መፍቀድ ይቆም ነበር። በኖቬምበር 2020 የካውንቲው ምክር ቤት ያን እገዳ በአብዛኛው አነሣው፤ በምትኩ ገንቢዎች ተጨማሪ ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ። ገንዘቡ ይግባ እንጂ ልጆቹ የሚቀመጡበት ወንበር አብሮ አይመጣም። መጀመሪያ ሕንፃ፣ ከዚያ ቤት። ልጆችን እንደ ቼዝ ጠጠር ከሰፈር ሰፈር ማንቀሳቀስ የመጨረሻው አማራጭ መሆን ነበረበት።

ተከራይ አባት፣ ታኮማ ፓርክ፦

ይህ የባለ ቤቶች ክርክር ነው። እኛ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ሰፈር የምንቀይር ሰዎች ነን። መስመሩ ቢነሣም ባይነሣም ልጆቼ በአራት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት ቀይረዋል። እኛን ማንም አይጠይቀንም፤ ብንናገርም የሚሰማን የለም።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ዊተን፦

ለክላርክስበርጉ ወንድማችን አንድ ነገር ላስታውስ። እገዳው የተነሣው ለገንቢዎች ስለታዘነ ብቻ አልነበረም። የካውንቲው የፕላን መሥሪያ ቤት መርምሮ ያገኘው፣ የተማሪው ቁጥር በአብዛኛው የጨመረው ከአዳዲስ ግንባታ ሳይሆን ነባር ቤቶች እጅ ሲቀይሩ መሆኑን ነው። እኔ የምኖርበት መንገድ ላይ ይህንኑ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ባልና ሚስት ቤታቸውን ሸጠው ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፤ የሦስት ልጆች ወላጆች ይገባሉ፤ አንዳንዴም ምድር ቤቱ ለሌላ ቤተሰብ ይከራያል። አንድ ጡብ ሳይጨመር ከዚያ ቤት አምስት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ይወጣሉ። አብዛኞቻችንም እንዲህ አድርገን ነው ወደዚህ ካውንቲ የገባነው። ግንባታ ቢቆም ኖሮ የሚወደደው የእኛው ኪራይ ነበር።

ደግሞም መስመር የሚሠመረው እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም። የቦርዱ መመሪያ አራት ነገሮች እንዲታዩ ያዝዛል፦ የተማሪዎች ስብጥር (በዘርም በኑሮም)፣ የቦታ ቅርበት፣ ምደባው ቶሎ ቶሎ አለመለዋወጡ፣ የሕንፃዎች አጠቃቀም። በ2018 መመሪያው ሲሻሻል ለስብጥሩ የበለጠ ትኩረት እንዲሰጠው ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ጠቡ የከረረው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 በሲያትልና በሉዊቪል ከተሞች ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የእያንዳንዱን ልጅ ዘር እየተመለከቱ መመደብን ከልክሏል። ስለዚህ ሀብታሙንና ድሀውን አንድ ግቢ ለማገናኘት ከቀሩት መንገዶች ዋናው መስመሩ የሚሠመርበት አኳኋን ነው። በ1970ዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሮዝሜሪ ሂልስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሀብታሞቹ ሰፈር ከቼቪ ቼስ ትምህርት ቤቶች ጋር ተጣምሮ ነበር። ትንንሾቹ ሁሉ ሮዝሜሪ ሂልስ ይጀምራሉ፤ ከፍ ሲሉ ወደ ቼቪ ቼስ ያልፋሉ። ያ ጥምረት እስከ ዘመናችን ዘልቋል። የማይቻል ነገር አይደለም።

መጨናነቅን ደግሞ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ሳስተምር በፈረቃ ነበር። የጠዋቱ ተማሪ ሲወጣ የከሰዓቱ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ይቀመጥበታል። ጥቁር ሰሌዳውን ሳልጠርግ የምገባበት ቀን ነበር። ያን ጊዜ የተረዳሁት፣ ጎበዙ ተማሪ በተጨናነቀም ክፍል ራሱን ያወጣል፤ የሚጠፋው መካከለኛው ነው። እጁን አያወጣ፣ አይረብሽ፣ ስሙንም ሳትይዘው ዓመቱ ያልቃል።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር፣ ጌተርስበርግ፦

ስለ ቅርበት የተነገረውን ልሙላ፤ ካርታ የሚያሳየው ማይል ነው፣ እኔ የምኖረው በደቂቃ ነው።

አንድ አውቶቡስ ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ብቻ አያደርስም። ሁለተኛ ደረጃ 1፡45 ላይ ይገባል፤ እርሱን አድርሼ መካከለኛውን፣ ከዚያ አንደኛ ደረጃውን እጭናለሁ። የመጀመሪያው ዙር በ10 ደቂቃ ከረዘመ የመጨረሻዎቹ የስድስት ዓመት ሕፃናት በዚያው ልክ መንገድ ዳር በብርድ ይቆማሉ። መስመር የሚያዘዋውሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ብርዱን የምትቀምሰው የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ ልትሆን ትችላለች።

ሌላም አለ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ በ2 ማይል ውስጥ ከሆነ አውቶቡስ አይመጣለትም፤ ለመካከለኛ 1.5፣ ለአንደኛ ደረጃ 1 ማይል ነው። አደገኛ መንገድ ካለ ለብቻው ይታያል። ስለዚህ አዲስ መስመር ሲወጣ ልጃችሁ ወደየትኛው ትምህርት ቤት ሄደ ብቻ አትበሉ። በእግሩ ነው ወይስ በአውቶቡስ? የትኛውን መንገድ ያቋርጣል? በታኅሣሥ ጠዋት አንድ ልጅ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ስድስት መስመር ባለው መንገድ ዳር ሲቆም መብራቴ እስኪያርፍበት ድረስ አይታየኝም። እኔ ተቃዋሚም ደጋፊም አይደለሁም። መስመሩን የሚያሠምሩት ሰዎች አንድ ጠዋት ከጎኔ ቢቀመጡ ግን ደስ ይለኛል።

የኮሌጅ ተማሪ፣ ኋይት ኦክ፦

ሁላችሁም ስለ እኛ ስትናገሩ አንድ ተማሪ ልናገር። እኔ ርቆ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ስሄድ ነው የተማርኩት። አዲስ ሰው ለመልመድ ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዛሬም የምንገናኝ ጓደኞች አገኘሁ። እውነቱን ለመናገር ያስቸገረኝ ጠዋቱ ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። የክርክር ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ልምምዱ ሲያልቅ ጓደኞቼን እናቶቻቸው በመኪና ይወስዷቸዋል። እናቴ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነች። በሁለት የከተማ አውቶቡስ ቤት ስደርስ ይመሻል። በሁለተኛው ዓመት ቡድኑን ተውኩት። በየትኛውም ካርታ ላይ ይህ አይታይም።

የሁለት ልጆች እናት፦

ልጄ፣ የጻፍሽው ውስጤ ገብቷል። ለታኮማ ፓርኩ ወንድሜ ግን በጣም አጥብቄ መልስ መስጠት አለብኝ።

«የሚሰማን የለም» ያሉት ነገር ነው ለዚህ ያደረሰን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። አንድ ምሽት ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ የቦርዱን ስብሰባ ሄጄ ሰማሁ። የተናገሩት ወላጆች ወረቀታቸውን አዘጋጅተው፣ ጊዜያቸውን ለክተው፣ የእያንዳንዱን አማራጭ ካርታ በቁጥሩ እየጠሩ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ለልጃቸው ነው የመጡት። ነገር ግን አዳራሹን ዞር ብዬ ሳይ ሌሊት የሚሠራ፣ ሆስፒታል የሚያጸዳ፣ አረጋውያን የሚንከባከብ ሰው የለም። ደብዳቤው በአማርኛ ተተርጉሞ ቤታችን ይመጣል፤ እኛ ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር እንጥለዋለን። ታዲያ ሁለት ሰፈሮች እኩል ተጨናንቀው አንዱ 40 ሰው ይዞ ቢመጣ፣ ሌላው ማንንም ባይልክ፣ መስመሩ በማን ደጅ የሚያልፍ ይመስልዎታል? ሦስት ትምህርት ቤት የቀየሩት ልጆች የእርስዎ ናቸው። መለዋወጥ ምን እንደሚያደርግ ከማናችንም በላይ የሚናገሩት እርስዎ ነዎት። ቀርበው መናገር ካልቻሉ በጽሑፍ ይላኩ፤ ቦርዱ ይቀበላል።

የክላርክስበርጉ ወንድሜ፣ ስስታም አላልኩዎትም። ግን የቤትዎ ዋጋና የልጄ ወንበር በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ዝም አልልም። ለአንድ ትምህርት ቤት ስም ከፍለው ከሆነ፣ ያ ስም የተሠራው በሁላችን ግብር ነው። እኔም እከፍላለሁ።

የሦስት ልጆች አባት፦

ስለ ግብሩ ያሉት እውነት ነው። ስለ ዋጋው የጻፍኩትን አላነሣም፤ ያለ ጥርጥር ያሳስበኛል። መምህራችን ስለ ነባር ቤቶች የጻፉትን ግን አላሰብኩበትም ነበር፤ የእኔም ጎረቤት ቤት እንዲሁ ነው የሆነው።

ለውጡ የማይቀር ከሆነ ሁለት ነገር ካልተጻፈበት እቃወመዋለሁ። አንደኛ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በጀመረበት ይጨርስ። ሁለተኛ፣ ታላቁ እዚያ የሚማር ከሆነ ታናሹ የመከተል መብት ይኑረው። አንድ እናት በሁለት አቅጣጫ ሁለት የወላጅ ስብሰባ ሲጠራት የቱን ትተዋለች? ይህን ከተቀበላችሁ ፊርማዬን ከእናንተ ጋር አኖራለሁ።

ጡረታ የወጡ መምህር፦

የመጀመሪያው ተገቢ ነው፣ ብዙ ጊዜም ይደረጋል። ሁለተኛው ያሰጋኛል። ታናናሾቹ ሁሉ ታላላቆቻቸውን ከተከተሉ የተጨናነቀው ትምህርት ቤት ለስድስትና ሰባት ዓመት እንደተጨናነቀ ይቆያል። ያቺ ውሃ የማትጠጣው ልጅ ደግሞ እስከዚያ ተመርቃ ትወጣለች።

የሁለት ልጆች እናት፦

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ቢሆንም እኔ ለሁለት ዓመት ብቻ ቢፈቀድ እስማማለሁ። የወንድማችንን ፊርማ ከማጣ ያን ያህል ብታገሥ ይሻላል።

የሦስት ልጆች አባት፦

ሁለት ዓመት ያንሳል። ሦስት በሉ፣ እንነጋገር።

የኮሌጅ ተማሪ፦

እናንተ በዓመቱ እስክትስማሙ እኔ አንድ ነገር ልሥራ። ማክሰኞ ትምህርት የለኝም። ጠዋት ከኖርዝዉድ ሰፈር እስከ ውድዋርድ፣ ከሰዓት ደግሞ ከልምምድ በኋላ ባለው ሰዓት እየተመለስኩ፣ በከተማ አውቶቡስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እመዘግባለሁ። የታኮማ ፓርኩ ጋሼ ደግሞ የልጆቹን ነገር በአማርኛ ይጻፉልኝ፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ከደቂቃዎቹ ጋር አያይዤ እልከዋለሁ።

ተከራይ አባት፦

ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ እጽፋለሁ።