ትራይፖድ፣ ጊምባል ወይስ ስላይደር? አንዱን ብቻ ጠቁሙኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞች መሥራት ጀምሬያለሁ። ካሜራዬ ከነሌንሱ 1.2 ኪሎ ነው። በእጄ ይዤ ስቀርጽ ምስሉ ይንቀጠቀጥብኛል። ለጊዜው መግዛት የምችለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሉይድ ሄድ (ካሜራው የሚታሰርበት፣ በፈሳሽ የሚለሰልስ ራስ) ያለው ትራይፖድ፣ ማለትም ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ግዢ። አብዛኛው ሥራሽ ፓንና ቲልት ነው፤ ካሜራው ከቦታው ሳይለቅ ወደ ጎን ይዞራል፣ ሽቅብና ቁልቁል ያዘነብላል። ለፎቶ የተሠራ ቀላል ትራይፖድ ሲነሳ ይነጥቃል፣ ሲቆም ይንገጫገጫል። ፍሉይድ ሄድ ግን ውስጡ ያለው ወፍራም ፈሳሽ የእጅሽን ግፊት ስለሚይዘው እንቅስቃሴው ከመነሻው እስከ ማቆሚያው ይለሰልሳል። ከመግዛትሽ በፊት ካሜራሽን ጫኚና እጀታውን ልቀቂው፤ ወደ ፊት ከተደፋ ለካሜራሽ ክብደት አይሆንም። የፓኑና የቲልቱ ጥብቀት ለየብቻ የሚስተካከል መሆኑንም እዪ።

በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀርጪ ፓኑን አታጣድፊው። አንድ ነገር ከምስሉ ጠርዝ እስከ ጠርዝ ለማለፍ 7 ሰከንድ ያህል ይውሰድ የሚል የቆየ የባለሙያዎች ልማድ አለ፤ በጣም ከፈጠነ ምስሉ ይቆራረጣል። ደግሞ ትራይፖድ ላይ ስትሆኚ የካሜራሽን ማረጋጊያ አጥፊው። ሆን ብለሽ የምታዞሪውን እንደ መንቀጥቀጥ ቆጥሮ ሊያርመው ስለሚሞክር፣ ፓኑ ሲያልቅ ምስሉ ዘለል ይላል። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ጥፋቱን በትራይፖዱ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ።

ሌላ መልስ፦ ሰው እየተከተልሽ የምትቀርጪ ከሆነ ግን ትራይፖድ አያዋጣሽም፣ ጊምባል (ካሜራውን በሞተር የሚያረጋጋ የእጅ መያዣ) ነው የሚያስፈልግሽ። ዲጄአይ አርኤስ 3 ሚኒ የሚባለው ጊምባል 2 ኪሎ ይሸከማል፣ የራሱ ክብደት 1 ኪሎ አይሞላም፤ ለካሜራሽ ይበቃል። ሦስቱ ሞተሮች የሚያርሙት መዞርንና ማዘንበልን እንጂ የእርምጃሽን ከፍ ዝቅ እንዳልሆነ ግን እወቂ። ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ ከተረከዝሽ እየጀመርሽ በቀስታ ተራመጂ፤ ያለዚያ ምስሉ ይነጥራል። ስላይደሩ፣ ካሜራውን በሐዲድ ላይ የሚያንሸራትተው ዕቃ፣ ይቆይ። በ60 ሳንቲ ሜትር ሐዲድ ላይ እንቅስቃሴው የሚታወቀው ሌንሱ አጠገብ አንድ ነገር ሲኖር ነው፤ ባዶ ሜዳ ላይ ልፋት ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዙም እያለ ካሜራውን ወደ ፊት መግፋት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ዙም ምስሉን ያሰፋዋል እንጂ አንቺ ከቦታሽ አልተነሳሽም፤ ቅርቡም ሩቁም እኩል ያድጋል። ስትጠጊ ግን ቅርቡ ከሩቁ ፈጥኖ ስለሚያድግ ተመልካቹ አብሮሽ የገባ ይመስለዋል። አንድን ፊት በሁለቱም መንገድ ቀርጸሽ ጎን ለጎን እዪው፤ ዓይንሽን ከፊቱ ላይ ሳይሆን ከጀርባው ካለው ግድግዳ ላይ አኑሪ።