የ1889ኙ የምኒልክ ብር ለምን 70 አያገኝም?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አያቴ ካረፉ በኋላ ከሳጥናቸው ሥር በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ አንድ የምኒልክ ብር አገኘን። ዓመቱ ፲፰፻፹፱ ይላል። ለሠርጋቸው እናታቸው የሰጧቸው ነው፤ አንድም ቀን አልገበዩበትም። ኢንተርኔት ላይ ለሳንቲም እስከ 70 ነጥብ እንደሚሰጥ አየሁ፤ 70 ያገኙት ግን የቅርብ ጊዜዎቹ ናቸው። ሳይነካ የተቀመጠ አሮጌ ብር ለምን አያገኝም? ጠቁሮ ስለነበር በሎሚና በአመድ ፈትጌዋለሁ፣ አሁን ያብረቀርቃል። ይህስ ነጥቡን ከፍ ያደርግልኛል?

የአንጥረኛው ልጅ (ደሴ)፦
ወንድሜ፣ ሎሚው ጋ ስደርስ ልቤ ተሰበረ። እመለስበታለሁ።

አባቴ እዚሁ ደሴ አንጥረኛ ነበር። ማርትሬዛውንም የምኒልኩንም እያቀለጠ አምባርና አልቦ ሲሠራ እኔ ወናፍ እነፋ ነበር። እሳት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱን ጠገራ እያገላበጥኩ አያለሁ። ካየሁት ሁሉ የንጉሡ ጉንጭ ምንም ያልነካው አንድ አላጋጠመኝም። አንዴ ከቦሩ ሜዳ የመጡ እናት ከጥጥ ፈትተው አሳዩኝ፤ የአንበሳው ጎፈር ጸጉር በጸጉር ይቆጠራል። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን ጉንጩ ላይ እንደ ጨረቃ የጎበጠች ጭረት አለች። የሌላ ብር ጠርዝ የወጋው ነው።

ብሩ የተመታው ፓሪስ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከመቶው 83.5 እጁ ንጹሕ ብር። ብር ለስላሳ ነው፣ ይህን ያህል ሲከብድ ደግሞ ወንድሙን ይጎዳል። ከመምቻው ወጥቶ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል፣ ተቆጥሮ ከረጢት ይገባል፣ መርከብ ይጫናል። ያኔ ባቡር የለም፤ ከባሕር ጠረፍ ወዲህ በግመልና በበቅሎ ነው። 70ው ያለቀው የአያትህ እናት ዘንድ ሳይደርስ ነው። ዛሬ ለሰብሳቢ የሚመታው ከረጢት አያውቅም፤ በጓንት ተይዞ በመያዣው ይታሸጋል። 70 ማለት አምስት እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲታይ ከተመታ ወዲህ የመጣ አንድ ጉድፍ የሌለው ነው። ገበያ ሊወጣ የተመታ ገንዘብ እንዴት አድርጎ? በፈረንጆቹ 2021 በ18.9 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው የ1933ቱ የአሜሪካ ባለ20 ዶላር ወርቅ እንኳ ነጥቡ 65 ነው።

ያ ጥቁረት ቆሻሻ አልነበረም። ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር በዓመታት የሠራው ልባስ ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። አመድ ይቧጭራል። የተፈተገ ብር ላይ መርማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አይሰጡም፣ «ታጥቧል» ብለው ይጽፉበታል። አብሽር፣ የአያትህ ብርነቱን ማንም አይወስድበትም። ግን ከዛሬ ጀምሮ አትንካው።

እታለም (ደሴ)፦
1780 የሚል ማርትሬዛ 69 አግኝቶ አይቻለሁ፤ እሱስ አሮጌ አይደል እንዴ?

የአንጥረኛው ልጅ፦
እታለም፣ ማርትሬዛ መቼም ይመታ መቼ 1780 ይላል። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። ዓመቱን አይተሽ ዕድሜውን አትመኚ።

ባለ ሚዛን (ኮምቦልቻ)፦
ለማስመርመር ውጭ አገር ልትልከው ካሰብክ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ጠይቅ። ለስላሳ ላስቲክ ውስጥም አታቆየው፣ አረንጓዴ ያወጣል።

የቦርከና ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ዘንድ የዚህ ጥንድ አለ፣ ገና ጥቁር ነው። አሁኑኑ ደውዬ ሎሚውን አስቀምጪ አልኳት።