ቮልስ 1600 በሜጋስኩወርት፦ ባሕር ዳር ደህና፣ ዓባይ በረሃ ላይ ነዳጅ ያንሰዋል

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቮልስ 1600 ነው፤ ካርቡራቶሩ ወጥቶ ሜጋስኩወርት (የሞተሩን ነዳጅ የሚቆጣጠር ኮምፒውተር) ተገጥሞለታል። በደቂቃ 200 ሲሲ የሚሰጡ 4 ኢንጀክተሮች፣ የነዳጅ ግፊት 3 ባር፣ ማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካ) እና ዋይድባንድ (ከጭሱ የአየርና የነዳጁን ምጣኔ የሚያነብ) አለው። የቪኢ ሠንጠረዡ (በየዙሩና በየማፕ ግፊቱ የነዳጁን መጠን የሚወስኑት ቁጥሮች) የተስተካከለው ባሕር ዳርና ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እዚያ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ኤኤፍአሩ (አየር ለነዳጅ ያለው ምጣኔ፤ ሲጨምር ነዳጅ አነሰ ማለት ነው) 12.8 ነው። ከደጀን ወርዶ የዓባይ ድልድይ ጋ ሲደርስ ግን በ3ኛ ማርሽ፣ 3000 ዙር ላይ 15.5 ያሳያል፤ ይንተፋተፋል። ዳገቱን ከጭነት መኪና ኋላ እያዘገመ ሲወጣ ደግሞ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ላይ ሊጠፋ ይደርሳል። ፓምፕ ልቀይር?

መልስ 1
ፓምፑን ለጊዜው ተወው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማፕ ከ81 ኪሎ ፓስካል አያልፍም። ድልድዩ ጋ ግን ወደ 89 ይጠጋል። ስለዚህ የ90 እና የ100 ረድፎች ጋ ሞተሩ ደርሶ አያውቅም ማለት ነው። 3000 ዙር ላይ በ80 እና በ90 ረድፍ ያለውን ቁጥር ጻፍልን።

ጠያቂው
በ80 ላይ 74፤ በ90 እና በ100 ላይ 58። መጀመሪያ የተጫነው ፋይል ላይ የነበረው ነው።

መልስ 1
ይኸው ተገኘ። 88 ላይ ኮምፒውተሩ በ74 እና በ58 መካከል አስልቶ 61 ይወስዳል። 12.8 በ74 ተባዝቶ ለ61 ሲካፈል 15.5 ይመጣል፤ ዋይድባንዱ ያሳየህ እሱኑ ነው። የ90ውን ረድፍ ከ80ው በ1፣ የ100ውን በ2 አስበልጠህ ሙላ። ቀሪውን ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ በሎግ (ኮምፒውተሩ በሚመዘግበው) አስተካክል፤ ዳገቱ ሞተሩን ረጅም ጊዜ ጭነት ላይ ያቆይልሃል። ላፕቶፑን ሌላ ሰው ይያዝ፣ በዚያ መንገድ ላይ ስክሪን እያዩ መንዳት እብደት ነው። ሠንጠረዡን ስታስተካክል የኦክሲጅን እርማቱን (ኮምፒውተሩ ዋይድባንዱን እያየ ነዳጁን በራሱ የሚያርምበትን) አጥፋው፤ አለዚያ ስህተቱን ይሸፍንብሃል።

መልስ 2
የሚኒሞው ችግር ሌላ ነው። የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ከሆነ ያለው፣ መኪናው ሲያዘግም ሴንሰሩ ራሱ ይግላል። የሚገባው አየር 35 ዲግሪ ሆኖ ሴንሰሩ 70 ካለ፣ ኮምፒውተሩ አየሩ ሳስቷል ብሎ ነዳጁን 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሴንሰሩን ወደ አየር ማጣሪያው፣ ከብረት ወደራቀ ቦታ አውጣው፤ ጫፉ ክፍት የሆነው ዓይነት ከድፍኑ ነሐስ ይሻላል። ያ ካልተቻለ ከ50 ዲግሪ በላይ ያለውን የሙቀት እርማት አለዝበው።

የባሮ (የውጭ አየር ግፊት) እርማቱንም እይ። ቁልፍ ሲከፈት ብቻ የሚያነብ ከሆነ፣ ቁልቁለት ላይ ሞተር ጠፍቶ መኪናው በማርሽ እየተንከባለለ ቁልፉን ዘግተህ ብትከፍት ቫኩም ያነብና ቀኑን ሙሉ ያሳስትሃል።

መልስ 3
ፓምፑን በግምት ነጻ አታውጡት እንጂ። ሞተሩ ብዙ ነዳጅ የሚፈልገው በረሃው ውስጥ ነው። ጌጅ አስረህ ሲረገጥ ግፊቱ ከወረደ ጥፋቱ የፓምፑ ወይም የማጣሪያው ነው።

የካንዴላ እሳቱን ደግሞ ማንም አላነሳውም። አየር በሚሳሳበት ከፍታ ላይ የማያንኳኳ አድቫንስ (እሳቱ ቀድሞ የሚነሳበት ዲግሪ)፣ በረሃው ውስጥ ሊያንኳኳ ይችላል፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ቴስታታ ደግሞ ምሕረት የለውም። የእሳት ሠንጠረዡን የ90 እና የ100 ረድፎች ከ80ው በ2 እና በ4 ዲግሪ ዝቅ አድርጋቸው፤ ይህን ከነዳጁ በፊት ሥራው።