ለችግረኛ የሚሰጥ ግራንት ተቆልፎ ይሰጥ ወይስ ይለቀቅ? (ክርክር)

ክርክር ከፋች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ማንሳት የፈለኩት ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ቤት ለሌላቸው፣ ከጥቃት ለሸሹ ሴቶች፣ ጎዳና ላይ ላሉ ልጆች የሚሰሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለሚያገኙት ግራንት (የእርዳታ ብር) ነው። አብዛኛው ዶነር (ለጋሽ) ብሩን ቆልፎ ነው የሚሰጠው፣ ይሄ ለስልጠና ይሄ ለምግብ ይሄ ለነዳጅ እያለ፣ ዕድሜው አንድ አመት፣ ለቢሮ ኪራይና ለሂሳብ ሰራተኛ ግን ወይ ጭራሽ የለም ወይ እዚህ ግባ የማይባል ነው። አሁን አሁን ደግሞ ብሩ ሳይቆለፍ ለብዙ አመት ይሰጥ የሚሉ በዝተዋል፣ የአማዞኑ ጄፍ ቤዞስ የቀድሞ ባለቤት ማኬንዚ ስኮት እንኳን ከ2020 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሰጠችው በዚህ መንገድ ነው። እኔ ይለቀቅ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ኦዲተር፦
አይለቀቅም! ይቅርታ ግን ስንት አመት ደረሰኝ ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለንደን ውስጥ ኪድስ ካምፓኒ የሚባል ለተቸገሩ ልጆች የሚሰራ ትልቅ ድርጅት ነበረ፣ በአመታት ውስጥ ቢያንስ 42 ሚሊዮን ፓውንድ የመንግስት ግራንት አግኝቷል፣ ነሐሴ 2015 (በፈረንጆቹ) መንግስት 3 ሚሊዮን ፓውንድ በሰጠው በቀናት ውስጥ ተዘጋ። ልጆቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ግራንት ማለት የግብር ከፋይ ወይም የለጋሽ ብር ነው፣ ምን ላይ እንደዋለ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልን?

መጠለያ ውስጥ የምሰራ፦
ኦዲተር ወንድሜ ጭንቀትህ ይገባኛል ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ የምሰራበት የሴቶች መጠለያ ውስጥ በብርድ ወራት የውሃ ማሞቂያው ተበላሸ፣ እናቶች ህፃን ልጅ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚያጥቡት፣ እኛ ደግሞ አካውንት ላይ ብር አለን! ብሩ ግን ለስልጠና የተባለ ነው፣ ጥገና የሚል ባጀት ላይን (የወጪ መደብ) የለውም። ለዶነሩ ደብዳቤ ጻፍን፣ አሁንም ጻፍን፣ ፈቃዱ የመጣው ብርዱ ካለፈ በኋላ ነው። አመቱ ሲያልቅ ያልተነካው የስልጠና ብር ተመላሽ ሆነ። ሪፖርቱ ላይ ግን ሁሉም ንፁህ ነው፣ አንድም ጥያቄ አልተነሳብንም።

ኦዲተር፦
እህቴ ያሳዝናል፣ የምሬን ነው። ግን ብዙ ውሎች ላይ እኮ እስከ 10 በመቶ ድረስ ያለ ፈቃድ ከላይን ወደ ላይን ማዛወር ይቻላል። ችግሩ ያለው ውሉ ላይ ነው እንጂ ቁጥጥሩ ላይ አይደለም።

መጠለያ ውስጥ የምሰራ፦
የሚዛወረው ካለ ላይን ወደ ካለ ላይን ነዋ፣ ጥገና የሚል ከመጀመሪያው ከሌለ ወዴት ታዛውረዋለህ? ፕሮፖዛል ስንጽፍ ጥገና፣ ጥበቃ፣ ኢንተርኔት ምናምን ካስገባን ኦቨርሄዳችሁ (የአስተዳደር ወጪያችሁ) በዛ ተብለን እንደምንጣል ስለምናውቅ አናስገባውም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ሰራተኛው ነው። ኮንትራቱ የፕሮጀክቱን ያህል ነው፣ አንድ ልጅ ከብዙ ጊዜ በኋላ ኬዝ ወርከሯን (ጉዳዩን የምትከታተለውን ሰራተኛ) አምኖ ቤት ውስጥ የደረሰበትን መናገር ሲጀምር ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ እሷ ትሄዳለች፣ አዲሷ ትመጣና ስምህ ማነው ከየት መጣህ ብላ ከሀ ትጀምራለች። ከዛ በኋላ አይናገርም።

ክርክር ከፋች፦
ኪድስ ካምፓኒን ስላነሳህ ኦዲተር፣ እስቲ እሱን እንየው። በየአመቱ ብዙ ብር ሲገባለት የነበረ ድርጅት መጠባበቂያ ግን አልነበረውም፣ የሚገባው በሙሉ ይወጣ ነበር። በፈረንጆቹ 2021 ላይ የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቦርድ አባላቱን ከኃላፊነት ለማገድ የቀረበውን ክስ ውድቅ አድርጎታል፣ በአንፃሩ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተቆጣጣሪው አካል በቀጣዩ አመት የአስተዳደር ጉድለት ነበር ብሏል። አሁን ጥያቄው ምን መሰለህ፣ ሁሉም ብር ተቆልፎ ከመጣና አመቱ ሲያልቅ የተረፈው ይመለስ ከተባለ መጠባበቂያ ከየት ይመጣል? በአንድ በኩል መጠባበቂያ የላችሁም ብለን እንቀጣቸዋለን፣ በሌላ በኩል ማስቀመጥ እንከለክላቸዋለን። ኦቨርሄዱም እንደዛው ነው። እኛ ሀገር በ2001 (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው አዋጅ 621 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ አይብለጥ ይል ነበር፣ ሰባ ሰላሳ ሲባል የሁላችሁም ትዝታ ነው፣ በኋላ መመሪያው ለስልጠናና ለክትትል የሚወጣውን ጭምር አስተዳደር ብሎ ቆጠረው፣ በ2011 (በእኛው አቆጣጠር) በአዋጅ 1113 ወደ 20 በመቶ ወረደ፣ ግን አስተዳደር የሚባለው ራሱ ጠበብ ተደርጎ ነው። አሜሪካ የፌደራል ግራንት ላይ ከመንግስት ጋር የራሱ የተደራደረበት ተመን ለሌለው ድርጅት ለኦቨርሄድ የሚፈቀደውን፣ 10 በመቶ የነበረውን፣ ኦክቶበር 2024 ላይ 15 አድርገዋል። ማለትም ፐርሰንቱ ብቻውን ምንም አይነግርህም፣ ምን ምን ተቆጠረበት ነው ዋናው።

ኮሚቴ ላይ ያለሁ፦
እኔ በሰጪው በኩል ነኝ፣ ማመልከቻ አንብቦ ውጤት የሚሰጥ ኮሚቴ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ ነገር አለ። ብሩ ሳይቆለፍ ቢሰጥ መጀመሪያ የሚያገኘው ማነው? እንግሊዝኛው ያማረ፣ ፕሮፖዛል ጸሐፊ የቀጠረ፣ ትልቁ ድርጅት ነው። ሰፈር ውስጥ በአንድ ክፍል ሽማግሌ የሚያበላውና ልጅ የሚያስጠናው ትንሹ ማህበር ፎርሙን ሳይጨርስ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ ለእኔ ከቁልፉ በፊት በሩ ይከፈት ባይ ነኝ። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ለንደን ላይ ብዙ ሰጪዎች ተሰባስበው ማመልከቻውን አንድ ፎርም አደረጉት፣ ድርጅቱ አንዴ ይሞላል እነሱ ይከፋፈሉታል፣ ቻሉ እኮ! ሌላ ጊዜ የማይቻለው ለምንድነው?
ደግሞ ሁሉም ሰጪ እኩል አቅም የለውም። እዛው ለንደን የከተማዋን አምስት ድልድዮች የሚያስተዳድር ጥንታዊ ፈንድ አለ፣ ለዘመናት ከድልድይ ቀረጥ፣ ከኪራይና ከኑዛዜ ሲጠራቀም የኖረ ሀብት ነው፣ ለድልድዮቹ ጥገና በቅቶ የሚተርፈው ከ1995 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለከተማዋ በጎ አድራጎት ይሰጣል። እንደሱ የራሱ ሀብት ያለው ለብዙ አመት ቃል መግባት ይችላል። ባጀቱ በየአመቱ የሚፀድቅለት መንግስት ግን ቃል ገብቶ ቢያጥፍ ጉዳቱ የባሰ ነው።

ተረጂ የነበርኩ፦
እስካሁን ስለ ድርጅት ነው የምታወሩት፣ ስለ ሰውየው ማንም አላወራም። እኔ መጠለያ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለምንድነው ብሩ በቀጥታ ለሰውየው የማይሰጠው? ቫንኩቨር ውስጥ ቤት አልባ ለነበሩ 50 ሰዎች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ 7,500 የካናዳ ዶላር ሰጥተው አመት ሙሉ ተከታተሏቸው፣ ውጤቱ 2023 ላይ ታትሟል። ብር ካልተሰጣቸው ጋር ሲተያይ በአማካይ 99 ቀን ያነሰ ነው ያለቤት ያሳለፉት፣ ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጡትም አልጨመረም። ሰው ብር ሲያገኝ ይጠጣበታል የምትሉ ስለበዛችሁ ነው የምነግራችሁ።

መጠለያ ውስጥ የምሰራ፦
ወንድሜ በጣም እስማማለሁ፣ ግን እዛ ጥናት ውስጥ ከባድ ሱስ ወይም ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸው አልገቡም። እኛ ጋ ማታ የምትመጣዋ ሴት ደግሞ ባሏ እየፈለጋት ነው፣ ብር ብሰጣት የት ታድራለች? መጀመሪያ በር የሚዘጋላት ሰው ነው የሚያስፈልጋት። ብሩም ይሰጣት ቤቱም ይኑር፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ኦዲተር፦
እሺ እኔ የምቀበለውን ልናገር። ሂሳቡን በየአመቱ በግልፅ የሚያወጣ፣ ቦርዱ በትክክል የሚሰበሰብ፣ ቼክ ላይ ሁለት ሰው የሚፈርምበት ድርጅት ከሆነ ይለቀቅለት፣ የሶስት ወር ወጪ የሚሸፍን መጠባበቂያም ይያዝ። ያ ከሌለ ግን አንድም ሳንቲም ሳይቆለፍ አይሰጥ፣ እዚህ ላይ አልለወጥም።

ክርክር ከፋች፦
ጥሩ፣ ግን ትንሹ ማህበር ኦዲት ለማስደረግ የሚከፍለው የለውም እኮ። ለኦዲት ክፍያ የሚሆን ላይን አትፈቅዱም፣ መልሳችሁ ደግሞ ኦዲት የለህም ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። ሰጪው ራሱ ይክፈልለታ!

ኮሚቴ ላይ ያለሁ፦
ይሄንን በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ፣ የኦዲቱን ክፍያ ከግራንቱ ውጪ እኛ እንድንሸፍን። ያልፋል አያልፍም አላውቅም፣ ባልደረቦቼ ውስጥ እንደ ኦዲተር የሚያስቡ ይበዛሉ።

ተረጂ የነበርኩ፦
አንድ ጥያቄ፣ እዛ ኮሚቴ ላይ ጎዳና ወይ መጠለያ ያደረ ሰው አለ?

ኮሚቴ ላይ ያለሁ፦
የለም። ለምን አይኖርም ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ተረጂ የነበርኩ፦
እንግዲያው ይኑር። በምክር አይደለም፣ ድምፅ ኖሮት። የሚቀረውን የቀን ስራ ክፍያና ትራንስፖርቱን ሸፍኑለት፣ እናንተ በደሞዛችሁ ሰአት ነው የምትሰበሰቡት እሱ ግን ቀኑን ከዋለበት አይበላም።

ኦዲተር፦
በዚህ እንኳን አልከራከርም። ብቻ አሁን እየረዳው ያለው ድርጅት ማመልከቻ ሲቀርብ ከድምፅ ይውጣ፣ ይሄ ለሁሉም የኮሚቴ አባል የሚሰራ ህግ ይሁን።