ማውልብሮን የሚባለውን የጀርመን ገዳም ያየ አለ? አንዲት እንግዳ ከጀጎል ጋር አመሳሰሉብኝ

የሸዋ በር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ሐረር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በእድሜ ጠና ያሉ ጀርመናዊት እናት ይዤ ጀጎልን ስዞር መኪና ግርግር ጋ፣ ልብስ ሰፊዎቹ መሀል ቆም አሉና "የኔም ሀገር እንዲህ ነው፣ ግንቡ ውስጥ ሰው ይኖራል ይሰራል" አሉኝ። ማውልብሮን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት አሉ፣ የድሮ ገዳም አላት፣ እንደኛው ዩኔስኮ መዝግቧታል። እኔ ገዳም ሲባል የሚመጣልኝ ደብረ ሊባኖስ ነው፣ ገዳም ውስጥ ደሞ እንዴት ነው ሰው ቢሮ ከፍቶ የሚሰራው ብዬ ልጠይቃቸው ስል ሌሎቹ እንግዶች ጠሩኝና በዛው ቀረ። ከዛን ቀን ጀምሮ ይከነክነኛል። ጀርመኖች ብዙ ይመጡልኛል፣ ሁሌ ግንቡን ስላሰራው አሚር ኑርና ስለ ጅብ ብቻ ከማወራ እነሱ ከሚያውቁት ጋር አያይዤ ባስረዳ ደስ ይለኛል። ያየ ሰው ካለ በሰፊው ይጻፍልኝ።

ከዚራ ያደገ፦
አቦ ሰላም ነው! የድሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ሽቱትጋርት ነው ያለሁት፣ ማውልብሮን ሁለቴ ሄጃለሁ። እስከ ሙልአከር በባቡር፣ ከዛ ባስ ነው። እናትየዋ ትክክል ናቸው። መነኮሳቱ እኛም ሀገር ያሉት ሲታውያን የሚባሉት ካቶሊኮች ናቸው፣ እዛ የሰፈሩት በ1147 በፈረንጅ ነው፣ አሁን ግን አንድም መነኩሴ የለም። በሩን አልፈህ ስትገባ ሰፊ ግቢ ነው፣ ዙሪያውን በድንጋይና በእንጨት የተሰሩ ቤቶች፣ አንዱ ምግብ ቤት ነው፣ አንዱ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ወላሂ ሰዉ ለመታወቂያ ጉዳይ ገዳም ነው የሚገባው። ተማሪ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በዛ ሁሉ የድሮ ድንጋይ መሀል ሲያልፍ ታያለህ።

እኔ ያልረሳሁት ግን አንዲት ክፍል ናት። መነኮሳቱ በዛ ብርድ የሚሞቁባት ክፍል ያቺው ብቻ ነበረች፣ እሳቱን የሚያነዱት ከወለሉ ስር ነው፣ ሙቀቱ በወለሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። የሄድኩት ጥር ላይ ስለነበረ ጎንበስ ብዬ እጄን ቀዳዳው ላይ አደረግኩት፣ ድንጋዩ በረዶ ነው፣ ያኔ ነው ሰዎቹ እንዴት እንደኖሩ የገባኝ። የድሬ ሙቀት እንዴት ናፈቀኝ መሰለህ።

ስሙም ታሪክ አለው። ማውል በቅሎ፣ ብሮን ምንጭ ማለት ነው ይላሉ፣ በአፈ ታሪኩ ጭነት የያዘች በቅሎ ምንጭ ጋ ቆማ አልሄድም ስትል እዚሁ እንስራ አሉ። እኛ ጋ ታቦቱ አልሄድ ሲል እዛው ቤተክርስቲያን እንደሚተከለው ማለት ነው፣ ይሄንን ንገራቸው ይወዱታል።

ሐረማያ፦
ወንድም ከዚራ ስለ ህንጻው ጥሩ ብሏል፣ ለኔ ግን ትልቁ ነገር ውሃው ነው፣ የምሰራውም ውሃ ላይ ስለሆነ ስለዚህ ቦታ ብዙ አንብቤያለሁ። መነኮሳቱ ሲመጡ ሸለቆው ረግረግ ነበር። ቦይ ቆፍረው አጠነፈፉት፣ ግድብ ሰርተው ኩሬ በኩሬ አደረጉት፣ ውሃው ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል፣ ወፍጮ ያዞራል፣ መስኖ ያጠጣል፣ አሳ ይረባበታል። አሳው ለቅንጦት አይደለም፣ በስርዓታቸው ባለ አራት እግር እንስሳ ሥጋ አይበሉም። ዩኔስኮ በ1993 በፈረንጅ ሲመዘግበው ከህንጻው ጋር የውሃ ስራውንም አንስቷል፣ ዛሬም ከኩሬዎቹ አንዱ ላይ የከተማው ሰው በበጋ ይዋኝበታል።

ይሄን ሳነብ የሐረማያ ሐይቅ ነው ትዝ ያለኝ። ሐረር ስንት ዘመን ከሱ ጠጥታ አይናችን እያየ ደረቀ፣ ልጅ ሆኜ ጀልባ ያየሁበት ቦታ ላይ ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ፣ ከዛ በኋላ እናቶቻችን ቢጫ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉትን አንረሳም። እነሱ የስምንት መቶ ዓመት ኩሬ ደለሉን እየጠረጉ እስካሁን ይዘውታል። አንድ ሰው በየጊዜው ይጠርገው ማለት ነው ሌላ ተአምር የለውም።

እሙ ሳምቡሳ፦
ስለ ሥጋ ካነሳችሁ እኔም ልጨምር፣ ጀርመን ሰው ቤት ስሰራ የተማርኩት ነው። እዛ አካባቢ ማውልታሽን የሚሉት ምግብ አለ፣ ልክ እንደ ሳምቡሳችን ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ይገባበታል፣ የሚቀቀል መሆኑ ነው ልዩነቱ። የማውልብሮን መነኮሳት በጾም ሥጋ ሲያገኙ እግዜር እንዳያይብን ብለው ሊጥ ውስጥ ደበቁት ብለው ያወራሉ፣ ተረት ነው ግን አሰሪዬ በጾም አርብ በሰራችው ቁጥር ትነግረኝ ነበር። እንግዶቹን ጠዋት ሳምቡሳ ስታበላ አንሳላቸው የኔ ወንድም።

የሸዋ በር ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ እሙ አንቺ ደግሞ ኑሪልኝ። አንድ ያልገባኝ ግን፣ መነኮሳቱ ከሄዱ ማን ጠበቀው? እኛ ጋ ባለቤቱ የሄደ ቤት ሁለት ክረምት አይችልም።

ከዚራ ያደገ፦
ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ፕሮቴስታንቱ ሲመጣ የቩርተምበርግ መስፍን ገዳሙን ያዘው፣ ሌላ ቦታ ስንቱ ገዳም እየፈረሰ ድንጋዩ ለሌላ ግንባታ ሄዷል። እዚህ ግን በ1556 ትምህርት ቤት አደረጉት። ኬፕለር፣ የፕላኔቶችን ዑደት ሕግ ያስቀመጠው ሰውዬ፣ ከ1586 እስከ 1589 እዛ ነው የተማረው፣ በኋላ ኖቤል ያገኘው ደራሲው ኸርማን ኸሰም ተማሪ ሆኖ ገብቶ ጠፍቶ ወጥቷል። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ተማሪ ሲኖር ጣራ ሲያፈስ የሚጮህ ሰው አለ፣ ያ ነው ያተረፈው ብዬ ነው የማምነው።

የሸዋ በር ልጅ፦
አሁን ገባኝ። አያቴ ነደባውን፣ የሐረሪ ቤት ውስጥ መቀመጫ መደቡን፣ በየዓመቱ ቀይ አፈር በእጇ ትቀባው ነበር፣ ለበዓል ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ቤቱን ያቆመችው እሷ ናት። ጎረቤታችን ያለው ቤት ወራሾቹ ውጭ ናቸው፣ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል፣ እስከዛሬ እንግዳ ሳሳልፍ አፍሬ በሌላ ጎዳና ነበር የምዞረው። ቅዳሜ ከስቱትጋርት አካባቢ የሚመጡ አሉኝ፣ ሁለቱንም ቤት ጎን ለጎን አሳያቸዋለሁ። ከዚራ፣ የዛችን ሙቀት ክፍል ፎቶ ካለህ ላክልኝ።

ከዚራ ያደገ፦
አለኝ አቦ፣ ማታ ከስራ ስገባ እልክልሃለሁ። አያትህን ሰላም በልልኝ።